በሽታው የሚሄድበትን መንገድ መዝጋት፦ ከሐዋሳ ግቢያችን የአበባ ማስታወሻ

ግንቦት መግቢያ

የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ጠንክሮ ነው የከረመው። ግቢው ለምልሟል፤ ጽጌረዳዎቹ ግን ከታች ወደ ላይ እየተራቆቱ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ነካ ሲያደርጉት ይረግፋል። እናቴ «ውሃ በዝቶባቸው ነው» ትላለች። ግማሹ እውነት ነው። ውሃው መንገድ ሆነ እንጂ ጥፋቱ የሌላ ነው።

አንዱን ቅጠል ቀጥፌ ወደ ብርሃን አስጠጋሁት። ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ክብ ነው፤ ጠርዙ ግን ልሙጥ አይደለም። ቀለም እርጥብ ወረቀት ላይ ጠብ ሲል እንደሚያደርገው ዳር ዳሩ ተበትኗል። ዙሪያው ቢጫ ነው። የጽጌረዳ ጥቁር ነጠብጣብ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ይህ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዲፕሎካርፖን ሮዜ ይባላል።

ይህ ፈንገስ የሚባዛው ስፖር በሚባል በዓይን በማይታይ ዘር ነው። ዘሩ ደረቅ ቅጠል ላይ ቢያርፍ ምንም አያመጣም። ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ከቆየ ግን ይበቅልና ወደ ውስጥ ይገባል። ከሳምንት ገደማ በኋላ ነጠብጣቡ ብቅ ይላል። ከዚያ የዝናብ ጠብታ ሲመታው ዘሩ ተፈናጥሮ ወደ ላይኛው ቅጠል፣ ወደ አጠገቡ ተክል ይሻገራል። በነፋስ ሩቅ የሚጓዝ ዓይነት አይደለም። የሚሄደው በውሃ ፍንጣሪ፣ በእጅ፣ በልብስ፣ በመቀስ ነው።

ሐዋሳ ደግሞ ትመቸዋለች። ከተማችን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ሐይቁም አጠገባችን ነው። ጥቁር ነጠብጣብ በጣም የሚወደው ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ያለውን ሙቀት ነው። የእኛ ክረምት ማለት ይሄው ነው።

እስከ መስከረም የምሠራውን እዚህ እጽፋለሁ። ሐሳቤ መድኃኒት ከመርጨቴ በፊት በሽታው የሚሄድባቸውን መንገዶች አንድ በአንድ መዝጋት ነው። ግቢው ውስጥ ያሉት እነዚህ ናቸው፦ በአጥሩ ሥር ጽጌረዳ፣ በረንዳ ላይ በተቆረጠ ጀሪካንና በዱቄት ወተት ቆርቆሮ የተተከለ ጀራኒየም፣ መሀል መደብ ላይ ዚኒያ፣ በሩ ላይ ቡገንቪላ። ቡገንቪላው ጤነኛ ነው፤ እሱን ተውኩት።

ቅዳሜ

ዛሬ መልቀም ብቻ። ጤዛው እስኪደርቅ ጠበቅሁ። እርጥብ ተክል መነካካት በሽታውን በእጅ ይዞ መዞር ነው፤ ከሦስት ሰዓት በፊት አልጀመርኩም።

መሬት የወደቀውን ቅጠል በሙሉ ለቀምኩ። ፈንገሱ በወደቀ ቅጠልና በታመመ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነው የሚቀጥለውን ዝናብ የሚጠብቀው። ስለዚህ ከሁሉም ሥራ ይሄ ይበልጣል እላለሁ። ግንዱ ላይ ያለውንም የታመመ ቅጠል ቀነስኩ። ሁሉንም ግን አልገፈፍኩም። ተክሉ ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ነውና በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ መንጨት ራሱን የቻለ ጉዳት ነው።

ፌስታሉን ከተክሉ ሥር አስጠግቼ ነው የሞላሁት። የታመመ ቅጠል በግቢው መሀል እያንጠባጠቡ መሄድ ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል።

እናቴ ኮምፖስት ጉድጓዱ ውስጥ እንድጨምረው ፈልጋ ነበር። እምቢ አልኩ። ኮምፖስት የበሽታ ዘር የሚገድለው መሀሉ 55 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ ለብዙ ቀናት ሲቆይና እየተገላበጠ ሲሠራ ነው። የእኛ ጉድጓድ እጅ ከትቼ ብፈትሸው ለብ ያለ ነው። ፌስታሉን አጥብቄ አሰርኩና ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አወጣሁት።

ከሰዓት በኋላ ለጭቃ ቤት ምርጊት የሚሸጠውን የጤፍ ጭድ አምጥቼ ከጽጌረዳዎቹ ሥር አነጠፍኩ። ከግንዱ አንድ መዳፍ ያህል አርቄ ነው ያደረግሁት፤ ግንዱን ከነካ እርጥበት አፍኖ ሌላ ብስባሴ ያመጣል። የጭዱ ሥራ የዝናብ ጠብታ አፈር መትቶ ወደ ታችኛው ቅጠል እንዳይረጭ ማድረግ ነው።

የውሃው ነገር

ቤታችን አበባ የሚጠጣው ማታ ነው። ብዙ ግቢም እንዲሁ ነው። ከሥራ መልስ ጎማ ይያዛል፤ ከላይ እስከ ታች ይረጫል። ደስ ይላል፤ ግቢው ይቀዘቅዛል፤ የአፈሩ ሽታ ይመጣል።

እስቲ ሰዓቱን እንቁጠር። ማታ 12 ሰዓት የረጠበ ቅጠል ፀሐይ እስክትወጣ አይደርቅም። በትንሹ 12 ሰዓት ረጥቦ አደረ ማለት ነው። ፈንገሱ የሚፈልገው 7 ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ብናጠጣ ግን ፀሐይዋ ከፍ ስትል፣ 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ቅጠሉ ይደርቃል። ውሃው ያው፣ ተክሉ ያው፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

እናቴን በዚህ ለማሳመን ብዙ መናገር አላስፈለገኝም። «ታዲያ ሥሩን ብቻ አጠጣዋ» አለችኝ። ትክክል ነች። የጎማውን ጫፍ መሬት ላይ አስተኝቶ ሥሩን ማጠጣት ከሁሉም ይሻላል። ተክል የሚጠጣው ባብዛኛው በሥሩ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ባቱ አካባቢ በመንገዱ ዳር የሚታዩትን የጽጌረዳ ግሪን ሃውሶች አስባለሁ። በግሪን ሃውስ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ብዙም ችግር አይደለም። ምክንያቱ ጣራ አለ፤ ዝናብ ቅጠሉን አይነካውም፤ ውሃ በጠብታ ከሥር ይሄዳል። እዚያ የሚያስቸግሩት ሌሎች ናቸው። እኛ ጣራ የለንም። ሰማዩ ሲያዘንብ ምንም አናደርግም፤ ከዝናቡ ላይ የራሳችንን ዝናብ አለመጨመር ግን እንችላለን።

ሰኔ፣ የመቀሱ ጉዳይ

ዛሬ የታመሙ ግንዶችን እየቆረጥኩ ሳለ የጎረቤታችን እማማ በአጥሩ በኩል አዩኝ። እሳቸው የሲዳማ ገጠር ልጅ ናቸው፤ እንሰት ውስጥ ነው ያደጉት። ከአንዱ ጽጌረዳ ወደ ሌላው ስሻገር መቀሱን በአልኮል ስጠርግ ሲያዩ ጊዜ ገብቷቸው ኖሮ፣

«ልጄ፣ እኛም እንሰት ስንቆርጥ ቢላውን እሳት ላይ እናሳልፈዋለን» አሉኝ።

«ለአጠውልግ ነው አይደል እማማ?»

«አዎ! ቢላው ነው የሚያዛምተው። አንዱ እንሰት ሲጠወልግ ሰፈሩ ሁሉ ይጠወልጋል።»

ይህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። የእንሰት አጠውልግ ባክቴሪያ ነው። በሳይንስ ጽሑፍ ተለይቶ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 በሀገራችን ነው። የሚፈውሰው መድኃኒት የለም። መከላከያው የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ ከብት እንዳይበላው መከልከልና ቢላዋን ማጽዳት ነው። አበባ የሚተክል የከተማ ሰው ይህን ዕውቀት ከሩቅ አገር መጽሐፍ መፈለግ የለበትም። አጥር ማዶ አለለት።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው። መጀመሪያ መቀሱ ላይ የተጣበቀውን የተክል ጭማቂ በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ ቆሻሻ ላይ አልኮል ማፍሰስ ዋጋ የለውም። ከዚያ 70 በመቶ አልኮል፣ በኮሮና ጊዜ ቤት ሁሉ የገባው፣ ስለቱን በሁለቱም በኩል አርሳለሁ። በረኪናም ይሆናል፤ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ። በረኪና ግን ብረት ይበላል። ከተጠቀሙ በኋላ በውሃ አለቅልቆ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል። አልኮል ይሻለኛል።

አቆራረጡ ደግሞ ጤነኛው ግንድ ላይ ነው። ነጠብጣብ ካለበት በታች ወርጄ፣ ወደ ውጭ ከምታይ ዓይን (አዲስ ቅርንጫፍ ከሚወጣባት ነጥብ) ትንሽ ከፍ ብዬ፣ ሰያፍ አድርጌ ነው የምቆርጠው። ሰያፍ ከሆነ ውሃ አይተኛበትም። ወደ ውጭ የምታይ ዓይን ቅርንጫፏን ወደ ውጭ ታወጣለች፤ መሀሉ ነፋስ ያገኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፔቱኒያ ያላችሁ ሰዎች፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ እንዳይነካት። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በደረቀ ትምባሆ ውስጥ ሳይሞት ይቆያል፤ በእጅ ይተላለፋል። ቫይረስ የሚባለው ነገር መኖሩ መጀመሪያ የታወቀውም በዚሁ በትምባሆ ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ1892 ሩሲያዊው ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ የታመመ ቅጠል ጭማቂን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፈው፤ ጭማቂው ግን ጤነኛውን ማሳመሙን ቀጠለ።

ሰኔ መጨረሻ፣ ስጦታው

እማማ የሚያምር ጀራኒየም ቁራጭ ላኩልኝ። ቀይ ድርብ አበባ ነው። በእኛ ሰፈር አበባ ባብዛኛው አይገዛም፤ ይሰጣጣል። ቡና ልንጠጣ ሄደን «ይቺን ትንሽ ቁረጭልኝ» ብለን ነው የምንመለሰው። ደስ የሚል ልማድ ነው። በሽታም የሚዞረው በዚሁ መንገድ ነው።

ስጦታ አይመለስም። ስለዚህ ለይቶ ማቆያ አዘጋጀሁ። ጓሮ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ጀራኒየሞች ርቆ፣ የራሱ ቆርቆሮ፣ የራሱ ውሃ ማጠጫ ጣሳ። የማጠጣው ከሁሉም በኋላ ነው፤ ከእሱ ወደ ሌሎቹ እንዳልሄድ። ሦስት ሳምንት ጥሩ መለኪያ ነው። ብዙ የቅጠል በሽታ ከገባ በኋላ ለመታየት ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታልና።

የሚገዛ ችግኝም ያው ነው። መንገድ ዳር ካሉት ሻጮች ስገዛ ሁለት ነገር አያለሁ። ቅጠሉን ገልብጬ ከሥሩ፤ ግንዱ መሬት የሚነካበትን ደግሞ አፈሩን ትንሽ ገለጥ አድርጌ። ጽጌረዳ እዚያ ጋ ጠጣር፣ ሸካራ እባጭ ካለው አልነካውም። በቁስል የሚገባ ባክቴሪያ ነው፤ አይድንም፤ አፈሩንም ይበክላል።

ሐምሌ፣ ቡናማው ዱቄት

ለይቶ ማቆያው ሥራውን ሠራ። የእማማ ጀራኒየም ቅጠል ላይ ትንንሽ ቢጫ ነጥቦች ታዩ። ከላይ ሲታዩ ምንም አይመስሉም። ገለበጥኩት። በእያንዳንዱ ነጥብ ጀርባ ቡናማ ዱቄት ክብ ሠርቶ ተደርድሯል፤ መሀል አንድ ነጥብ፣ ዙሪያውን ቀለበት። በጣቴ ዳሰስኩት። ጣቴ ቡናማ ሆነ።

ዋግ ነው። ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ዋግ፣ የስንዴው ዘመድ። ግን እያንዳንዱ ዋግ የራሱ ተክል አለው፤ የጀራኒየሙ ወደ ስንዴ አይሄድም፤ የስንዴውም ወደ ጀራኒየም አይመጣም። ይህኛው የመጣው ጀራኒየም ራሱ ከመጣበት ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአውሮፓና በአሜሪካም ተዛመተ።

ጥቁር ነጠብጣብ በውሃ ነው የሚሄደው ብያለሁ። ዋግ ግን በነፋስም ይሄዳል። እያንዳንዱ የቡናማ ዱቄት ቅንጣት ዘር ነው። ስለዚህ ቅጠሉን ከመቁረጤ በፊት ፌስታል አለበስኩት። ከነፌስታሉ ቆረጥኩና አሰርኩት። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፤ ሸሚዜን ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ በረንዳው የሄድኩት። በረንዳ ላይ ያሉትን አንድ በአንድ ገልብጬ አየሁ። ንጹሕ ናቸው።

ለእማማ እንዴት እንደምነግራቸው አሰብኩ። «ያመጡልኝ አበባ በሽተኛ ነው» አይባልም። ሄጄ ቡና ጠጣንና «እማማ፣ የእርስዎን ጀራኒየም ቅጠል እስቲ አብረን እንገልብጠው፣ ዋግ የሚባል ነገር ወጥቷል» አልኳቸው። ዋግ ስል ወዲያው ተነሱ።

ሐምሌ አጋማሽ፣ ነጩ ዱቄት

ዝናቡ ቆም ሲል ሌላ መጣ። የዚኒያው ቅጠልና የጽጌረዳው ለጋ ጫፍ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ። ለጋው ቅጠል ተኮራምቷል። በጣት ሲጠረግ ይለቃል። በሁለቱ ላይ ያለው ፈንገስ አንድ አይደለም፤ ጠባያቸው ግን ተመሳሳይ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል። ይህኛው የጥቁር ነጠብጣብ ተቃራኒ ነው። ቅጠል ላይ ውሃ አይፈልግም፤ እንዲያውም ውሃ ዘሩን ይጎዳዋል። የሚወደው ደረቅ ቀንና እርጥበታማ ሌሊት ነው። ስለዚህ በፀሐያማ ጠዋት ዚኒያውን በውሃ አጠብኩት። ጠዋት በመሆኑ ይደርቃል።

ከዚያ ወተት። 1 እጅ ወተት ለ9 እጅ ውሃ፣ በሳምንት አንዴ፣ ፀሐይ ባለበት። ወሬ አይደለም፤ ብራዚላዊው ተመራማሪ ዋግነር ቤቲዮል እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ሙከራ ዙኪኒ በሚባለው የዱባ ዓይነት ላይ ነጩን ዱቄት በወተት ተቆጣጥሮታል። ጽጌረዳዎቹ ላይ ደግሞ ቤኪንግ ሶዳ ሞከርኩ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ለ1 ሊትር ውሃ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ የእጅ ፈሳሽ ሳሙና። መጀመሪያ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ረጭቼ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ ቅጠል ሊያቃጥል ይችላልና። ሶዳ አይደጋገምም፤ ሶዲየሙ አፈር ውስጥ ይከማቻል።

ሁለቱም የሚሠሩት ገና ሲጀምር ነው። የተኮራመተውን ለጋ ቆርጬ ጣልኩት።

ገበያ

ወደ ኬሚካል መሸጫ ገባሁ። ለጽጌረዳ ነው ስል ቢጫ ዱቄት በትንሽ ፌስታል ቋጥረው ሰጡኝ። ስሙ? «የፈንገስ ነው»። መጠኑ? «አንድ ማንኪያ ለባልዲ»። አልወሰድኩትም። መለያ የሌለው መድኃኒት ምን እንደሆነ፣ ጓንት ይፈልግ አይፈልግ፣ ልጆች ከሚጫወቱበት ግቢ ስንት ቀን መራቅ እንዳለባቸው አይታወቅም።

ማንኮዜብ በሀገራችን በብዛት የሚሸጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው። ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ማንኮዜብ አያድንም፣ ይከላከላል። ቅጠሉን ይሸፍናል፤ ዘሩ እንዳይበቅል ያደርጋል። አንዴ የገባውን አያወጣም። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ለጤና ካለው ስጋት የተነሳ እ.ኤ.አ. በ2020 ፈቃዱን ላለማደስ ወስኗል። ለአንድ አጥር ሥር ጽጌረዳ ይህን መርጨት አልፈለግሁም። እርሻው የእንጀራው የሆነ ሰው ሌላ ሒሳብ ሊኖረው ይችላል፤ እሱን አልነቅፍም።

ነሐሴ

በረንዳ ላይ አንዱ ጀራኒየም በአንድ ሌሊት ጠወለገ። ልቤ ደነገጠ። መጠውለግ ሲባል መጀመሪያ የምፈራው ባክቴሪያውን ነው፤ ድንችና ቲማቲም የሚያጠወልገው ራልስቶኒያ ጀራኒየምንም ይይዛል።

መለያ ዘዴ አለ። ግንዱን ቆርጬ ጫፉን ንጹሕ ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ አንጠለጠልኩት፤ ሳልነቀንቀው። ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ በደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው ጫፍ ነጭ፣ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ይወርድ ነበር። እናቴም አጠገቤ ቆማ አየች። ውሃው ጥርት እንዳለ ቆየ።

ከዚያ ሥሩን አየሁ። ግንዱ መሬት አጠገብ ከሰል መስሎ ጠቁሯል፤ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ነው። ይህ ፒቲየም የሚባለው፣ ውሃ በሚተኛበት አፈር የሚነሳ ብስባሴ ነው። ቆርቆሮውን ገለበጥኩት፤ የታችኛው ቀዳዳ በሥር ተደፍኗል። ተክሉን ከነአፈሩ አስወገድኩ። ቆርቆሮውን በበረኪና ውሃ አጠብኩት። የሌሎቹንም ቀዳዳ በምስማር አሰፋሁ፤ ከሥራቸው ጠጠር ከትቼ ከመሬት ከፍ አደረግኋቸው።

ጽጌረዳው ላይ በየሳምንቱ መልቀሙ ቀጥሏል። ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይም ታይቶ ነበር፤ በጎማ ውሃ ተመትቶ ወርዷል።

መስከረም

ያለበትን ልጻፍ። ጽጌረዳዎቹ ላይ ነጠብጣብ አሁንም አለ፤ ግን ከታች ባሉት ጥቂት ቅጠሎች ላይ ነው። አዲሱ ቅጠል እስከ ጫፉ ንጹሕ ነው፤ እምቡጥ ይዟል። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ የነበሩ ተክሎች መሀል ያለው ቅርንጫፍ ከተነሳ ወዲህ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ዝናብ ሲያባራ ቶሎ ይደርቃሉ። አንዱ አሮጌ ጽጌረዳ ግን አላገገመም። በኅዳር በእሱ ቦታ ጽጌረዳ አልተክልም።

ዚኒያው አልቋል። ዘሩን የያዝኩት ከንጹሑ ጥግ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ዋግ የለም።

የቀረው የእማማ ግቢ ነው። ዋግ በነፋስ እስከመጣ ድረስ የእኔ በረንዳ ብቻውን ንጹሕ ሆኖ አይዘልቅም። የእሳቸው ጀራኒየሞች ግማሾቹ ታመዋል። የሚነቀሉትን አብረን መርጠን በቀይ ክር አስረናቸዋል፤ የሚተኩትን ከእኔ ንጹሕ ተክሎች ቆርጬ ውሃ ውስጥ ሳይሆን በቀጥታ አሸዋ ውስጥ ተክያለሁ። ሥር እስኪያወጡ የታመሙትን ነቅለን እንጨርሳለን። እሳቸው ከሰል ያቀጣጥላሉ፤ እኔ አልኮሉንና ፌስታሉን ይዤ እሻገራለሁ።